እህል ሲወደድ ገበሬው ለምን አያልፍለትም?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ወላጆቼ ጎጃም ውስጥ ገበሬዎች ናቸው። ኢኮኖሚው በየዓመቱ አደገ ይባላል፤ የእኔ ደሞዝ ግን ወር አያደርስም። እህል ሲወደድ ‹ገበሬው አለፈለት› ይሉኛል፤ የእኔዎቹ ግን ክረምት በገባ ቁጥር የእኔን እጅ ነው የሚጠብቁት። ለመሆኑ እንደኛ ባለ አገር የድህነትን መጠን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ምንድን ነው?»

ከወላጆችዎ ልጀምር። የመልሱ ትልቁ ድርሻ ያለው እነሱ ጎተራ ውስጥ ነው።

አስቀድመን ግን ድሃ የሚባለው ማን እንደሆነ እንግባባ። በአገራችን ቁጥሩ የሚወጣው ከቤተሰብ የፍጆታ ወጪ ጥናት ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚያገኝበት ምግብ በዋጋ ይተመናል። በዚያ ላይ ለልብስ፣ ለማገዶ፣ ለሳሙና፣ ለመጠለያ የሚሆን ይጨመራል። ድምሩ የድህነት ወለል ይባላል። በ2008 ዓ.ም. ይህ ወለል ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር። ለቀን ሲካፈል 20 ብር አይሞላም። ከዚያ በታች የሚኖረው ሕዝብ 23.5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ ነበር። በ1997 ወደ 38.7፣ በ2003 ደግሞ ወደ 29.6 በመቶ ወርዷል።

እነዚህን ቁጥሮች «የፖለቲካ ቁጥር ናቸው» ብሎ የሚያጣጥል ሰው ብዙ ነው። እኔ አላጣጥላቸውም። በ20 ዓመት ውስጥ ድህነት በግማሽ ገደማ መቀነሱን ገጠር የኖረ ሰው በዓይኑ አይቶታል። የቆርቆሮ ጣሪያው፣ በእግር ያለው ጫማ፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መቶኛው የሚቆጥረው ስንት ሰው ከወለሉ በታች እንዳለ ብቻ ነው፤ ከወለሉ በታች ያለው ሰው ምን ያህል ወደ ታች እንደወረደ አይነግርዎትም። ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም. የድሆች ቁጥር በዘጠኝ ነጥብ ገደማ ሲወርድ፣ ከሁሉም በታች ያሉት ሰዎች ፍጆታ ጭራሽ ቀንሶ ነበር። ይህን ያሳየው የዓለም ባንክ ትንተና ነው፤ የመንግሥት ተቃዋሚ ያወራው ወሬ አይደለም። አገር አደገ፣ ድህነት ቀነሰ፣ የድሃ ድሃው ባሰበት። ሦስቱም በአንድ ጊዜ እውነት ነበሩ።

ምክንያቱ የምግብ ዋጋ ነው። በ2000 ዓ.ም. ክረምት የምግብ ዋጋ ንረት ከ60 በመቶ አልፎ ነበር። መንግሥት ከውጭ ስንዴ አስገብቶ በከተሞች በቀበሌ በኩል ማከፋፈል የጀመረውም ያኔ ነው። «ታዲያ እህል ከተወደደ፣ አገሩም የገበሬ አገር ከሆነ፣ ብዙው ሰው መጠቀም ነበረበት» ይሉኝ ይሆናል። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። አንድ ጥያቄ ግን ይዘላል፤ ገበሬው በዓመቱ ውስጥ የሚሸጠው ይበልጣል ወይስ የሚገዛው?

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ገደማ መሬት ያለው ባለ ስድስት ሰው ቤተሰብ እንውሰድ። መሬቱ ላይ ጤፍ ዘራ እንበል። የአገሪቱ አማካይ ምርት በሄክታር ወደ 18 ኩንታል ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ኩንታል ያገኛል። አንድ ሰው በዓመት አንድ ኩንታል ተኩል እህል ቢበላ፣ ስድስት ሰው ዘጠኝ ኩንታል ይበላል። አለቀ። ለዘር የሚቀር የለም። ለጨውና ለዘይት፣ ለደብተር፣ ለእድር፣ ለመሬት ግብር የሚሆን የለም። የማዳበሪያው ዕዳ ግን አለ።

ስለዚህ ይሸጣል። መቼ? ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ልክ ከውቂያ በኋላ። ዕዳ ሰብሳቢው የሚመጣው ያኔ ነው። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ጎረቤት የሚሸጠው ያኔ ነው። ገበያው በእህል ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው ይወርዳል። ሦስት ኩንታል ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል። ሰኔ ላይ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ገበያ ወጥቶ ራሱ የሸጠውን ዓይነት እህል መልሶ ይገዛል፤ በክረምት ዋጋ። የወላጆችዎ የክረምት ጥሪ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሥራ አልሰነፉም። ርካሽ ሸጠው ውድ የሚገዙ ሰዎች ናቸው።

ከአገሪቱ ገበሬ ከግማሽ በላዩ የያዘው መሬት አንድ ሄክታር አይሞላም። እህል ሲወደድ የሚያልፍለት ከሰኔ በኋላም ጎተራው ሙሉ የሆነው ነው። እሱ ደግሞ ጥቂት ነው።

«ታዲያ ለምን እስከ ነሐሴ አያቆዩትም?» ይህን ጥያቄ ከተማ ውስጥ በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ሁለት ነገር ያስገድዳቸዋል። አንደኛው ነቀዝ ነው፤ በተለይ በቆሎና ማሽላ ጎተራ ውስጥ ወራት ሲያስቆጥር የነቀዝ ቀለብ ይሆናል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ይህን ችግር በደንብ ይቀንሳል፤ ያለበትም ወረዳ አለ። ሁለተኛውና የሚከብደው ዕዳው ነው። ለዕዳ መክፈያ ጥር ላይ ገንዘብ የሚያበድር ተቋም በሌለበት፣ ያለው አማራጭ አራጣ ወይም እህሉን መሸጥ ነው።

እዚህ ላይ ለእርስዎ ለራስዎ አንድ ተግባራዊ ነገር ልበል። ለወላጆችዎ ገንዘብ የሚልኩት ነሐሴ ላይ ከሆነ በውዱ ዋጋ እህል እየገዙላቸው ነው። ያንኑ ገንዘብ ጥር ላይ ቢልኩት ዕዳው ይከፈላል፣ ሦስቱ ኩንታል ጎተራ ውስጥ ይቀራል። ከባህር ማዶ ለቤተሰብ የሚልኩ ሰዎችም ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው። የሚላከው ለፋሲካና ለክረምት ነው፤ ገበሬው እጁ የሚጠመዘዘው ግን በመኸር ማግስት ነው።

ዋጋ ሲወርድም እንዳይመስልዎት ሁሉም ደህና የሚሆነው። በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ እንዴት እንደተንኮታኮተ የምዕራብ ጎጃምና የወለጋ ገበሬ ያስታውሳል። ሁለት ዓመት ተከታታይ ጥሩ ምርት ተገኝቶ፣ ገዢ ጠፍቶ፣ የበቆሎው ዋጋ የማጨጃውን ወጪ እንኳ አልመለሰም። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር የወሰደው ገበሬ ዕዳ ውስጥ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያውን ቀነሰ። በዚያው ዓመት ድርቅ መጣና ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ዶ/ር እሌኒ ገብረመድህን የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ሐሳብ ያነሱት ይህን አይተው ነው። ገበያው በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በጊዜ ብዛት ግን የቡናና የሰሊጥ ቤት ሆነ፤ ለበቆሎው ዛሬም ዋጋ የሚቆርጠው ደላላው ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ መነሻው በቆሎ ነበርና።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር የድህነትን ከፍታ የሚወስነው የአንድ ቀን ሥራ ስንት ኪሎ እህል ይገዛል የሚለው ነው። ዕድገት፣ የዋጋ ንረት፣ ምንዛሬ፣ ዝናብ፣ ጦርነት ሁሉም ድሃው ቤት የሚገቡት በዚህ በር ነው።

ለዚህ ከሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለሚያጥራቸው የገጠር ቤተሰቦች ለሠሩበት ቀን እህል ወይም ገንዘብ ከሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም፣ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ተመኑ የአንድ ቀን ሥራ ለሦስት ኪሎ እህል ነበር። በጥሬ ገንዘብ ለሚከፈላቸው 6 ብር ተቆረጠ፤ በወቅቱ 6 ብር ያንኑ ሦስት ኪሎ ይገዛ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ዋጋው ጣራ ሲነካ ክፍያው 8 ብር ሆነ። እህሉ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ሮጦ ነበር። በዚያው ወረዳ፣ በዚያው እርከን ሥራ ላይ አብረው የዋሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ሦስት ኪሎውን በጆንያ ተሸክሞ ሲሄድ፣ ሌላው በ8 ብሩ ግማሹንም መግዛት አቃተው። ያን ጊዜ ተጠቃሚዎች «ገንዘቡ ይቅርብን፣ እህሉን ስጡን» ማለት ጀመሩ። ኢኮኖሚስቶች ገንዘብ መስጠት ይሻላል ብለን ብዙ ጽፈናል። በተረጋጋ ዋጋ እውነት ነው። በናረ ዋጋ ግን እህሉን ስጡኝ ያለችው ተጠቃሚ ከእኛ ይልቅ ሒሳቡን ታውቀዋለች።

ድርቅና ጦርነት ራሳቸውን የቻሉ ርዕስ ናቸው፤ እዚህ አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። ድሃን ለብዙ ዓመት ወደ ኋላ የሚያስቀረው የዚያ ዓመት ምርት መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ በሬው መሸጡ ነው። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለባለ በሬ የእኩል ይሰጣል። ዝናቡ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ ከገዛ መሬቱ የሚያገኘው ግማሹን ነው። በሰሜኑ ጦርነት የታረዱትና የተዘረፉት በሬዎች ጉዳይ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላም አላበቃም። የዓለም ባንክ ግምቶች ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ድህነት ተመልሶ ማሻቀቡን ሲያሳዩ ከትልልቆቹ ምክንያቶች መካከል ጦርነቱ፣ ድርቁና የኑሮ ውድነቱ ይገኙበታል።

አሁን ወደ እርስዎ ደሞዝ እንምጣ።

ቅድም የድህነት ወለሉ በዓመት 7,184 ብር ነው ብያለሁ። ለ12 ያካፍሉት። በወር 599 ብር ይሆናል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ደሞዝ ላይ ግብር መቁረጥ የሚጀምረው ከስንት ነበር? ከ600 ብር በላይ። መንግሥት ግብር የሚጀምረው አንድ ሰው ብቻውን ከድህነት ወለል ላይ በቆመበት ብር ላይ ነበር ማለት ነው። ሁለት ልጅ ያላት የጽዳት ሠራተኛ በ1,200 ብር ደሞዝ ቤተሰቧ ከወለሉ በታች ሆኖ ግብር ከፋይ ነበረች። አሁን የሚብሰውን ልንገርዎ። ይህ 600 ብር ለዘጠኝ ዓመት ሳይነካ ቆየ። በመሀል ዋጋ በእጥፍ በእጥፍ ጨመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ብቻ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ደሞዝዎ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር የሚገዛው ቀነሰ፣ የሚቆረጥበት የግብር እርከን ግን ከፍ አለ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ መነሻው 2,000 ብር ሆኗል። ጥሩ ነው፤ ግን ዘግይቷል። መነሻው በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ ከፍ እንዲል በሕግ ካልታሰረ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው እንሆናለን።

ስለ ደሞዝ ጭማሪ ደግሞ «ጭማሪው ከመምጣቱ ዋጋው ቀድሞ ይጨምራል» የሚለው ምሬት መሠረት አለው። ግን ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ አልጥልም። ለረጅም ዓመታት መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ ሲሞላ ኖሯል። በተራ ቋንቋ ብር ማተም ነው። ያ ብር ገበያ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ ያገኘው ሰው በድሮ ዋጋ ይገዛበታል፤ መጨረሻ የሚደርሰው የቀን ሠራተኛው በአዲሱ ዋጋ ይገዛበታል። የዋጋ ንረት ማንም ያላወጀው የድሃ ግብር ነው።

ከደሞዝተኛው በታች ያለው ከተሜስ? ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የለንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደሞዝ ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ቢከፍትም ወለሉ አልተቆረጠም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት የጀማሪ ልብስ ሰፊ መነሻ ደሞዝ በወር ወደ 26 ዶላር ገደማ ነበር። ፋብሪካ ከድህነት ያወጣል የሚለው እምነት በእኛም ሙያ ሥር የሰደደ ነው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ፈተሹት። በአምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ወጣቶችን በዕጣ መደቧቸው። አንዱ ቡድን ሥራውን አገኘ። ሌላው ወደ 300 ዶላር ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኘ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ሥራውን ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር ጥሎ ወጣ። ዓመት ሳይሞላ ከአራቱ ሦስቱ ለቀዋል። ገቢያቸውም ከሌሎቹ አልበለጠም፤ በጤናቸው ላይ ግን ጉዳት ታየ። ገንዘብ የተሰጣቸው በዓመቱ ገቢያቸው በሲሶ ጨመረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን ያ ልዩነት ራሱ ጠፍቶ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ፋብሪካ አያስፈልግም የሚል አይደለም። የፋብሪካው ደሞዝ ከጉሊትና ከቀን ሥራ ካልተሻለ ሰው እንደ መቆያ ነው የሚያየው። የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ስንት ኪሎ ይገዛል? ልጅቷ የምታሰላው ይህንኑ ነው። በዚያ ላይ አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይላክ የነበረው ልብስ ገበያ አጣ፤ ብዙ ሴቶች ያንኑ ትንሽ ደሞዝ አጡ።

ምንዛሬውንም ሳልነካ አላልፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ይህ ለሁሉም ድሃ አንድ ዓይነት ዜና አይደለም። የሲዳማና የጅማ ቡና አምራች በብር የሚያገኘው ይጨምራል፤ ነጋዴው ካደረሰለት። ሳዑዲ ወይም ቤሩት እህት ያለችው ቤተሰብ የምትልከው ዶላር ብዙ ብር ይሆንለታል። ዱባይም ዘመድ የሌለው፣ ቡናም የማያመርተው ግን ነዳጅና ዘይት በአዲሱ ምንዛሬ ይደርሰዋል። ማዳበሪያ ሙሉ በሙሉ ከውጭ ነው የሚገባው። ስለዚህ የወላጆችዎ የጥር ዕዳ ዶላር ላይ የታሰረ ነው፤ ዶላር አይተው ባያውቁም። ምንዛሬው መስተካከሉን በመርህ ደረጃ እደግፋለሁ፤ የድሮው አሠራር ዶላሩን ለጥቂቶች በርካሽ ሲሰጥ ነው የኖረው። ነገር ግን የማዳበሪያ ድጎማና ሴፍቲኔት በዚያው ፍጥነት ካልተስተካከሉ ሸክሙ ታች ይወርዳል።

ዕድገቱስ? በዓመት ወደ 10 በመቶ ገደማ ተብሎ ሲነገር የኖረው ዕድገት ዋና ሞተሩ የመንግሥት ግንባታ ነበር። ግንባታው ለድሃው ምንም አላመጣም ማለት ግፍ ነው። የገጠር መንገድ አንድ ቀበሌ ሲገባ ሁለት ነገር ይለወጣል፤ ማዳበሪያው በርካሽ ይደርሳል፣ ደላላው ሁለተኛ ደላላ ይገጥመዋል። ለእኔ ከስኳር ፋብሪካዎቹ ሁሉ የገጠር መንገዱ ይበልጥብኛል። ግንባታው በብድር ነበርና ዕዳውም መጣ። በ2007 ዓ.ም. በዩሮ ቦንድ፣ ማለትም በውጭ ገበያ በተሸጠ የዕዳ ሰነድ፣ አንድ ቢሊዮን ዶላር የተበደረች አገር በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ለዕዳ የሚሄድ ዶላር ለማዳበሪያ አይሆንም።

በመጨረሻ፣ ቁጥሮቹን ራስዎ መከታተል ከፈለጉ ከዕድገቱ መቶኛ አይጀምሩ። ከወላጆችዎ አቅራቢያ ባለው ገበያ የቀን ሠራተኛ ስንት እንደሚከፈለውና የበቆሎ ኪሎ ስንት እንደሆነ ጥር ላይ አንዴ፣ ነሐሴ ላይ አንዴ ይጠይቁና ያካፍሉት። ቀጣዩ የፍጆታ ጥናት ውጤት ሲወጣም ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ የታችኛው አሥር በመቶ ሕዝብ ፍጆታ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ሁለተኛ፣ መረጃው የተሰበሰበው በየትኞቹ ወራት ነው? ጥር ላይ የተጠየቀ ቤተሰብና ነሐሴ ላይ የተጠየቀው ያው ቤተሰብ ለጠያቂው የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለም።